ወፍጮው የጋራ፣ ምጣዱ የየቤቱ፦ የመሥሪያ ቤቶች የአይቲ ወጪ የት ላይ ይቀንሳል?

ከቆላ ቀበሌ ማለዳ ተነስቶ ወረዳ የገባ ገበሬ መስኮት ላይ ደርሶ የሚሰማው መልስ ብዙ ጊዜ ሁለት ቃል ነው፤ «ሲስተም የለም»። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ጉዳይ ግን ከሁለት ቃል ይረዝማል። ባትሪው የሞተ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆይ መሣሪያ) ጠረጴዛ ሥር እግር ማሳረፊያ ሆኗል። ጥግ ላይ ቶነሩ ያለቀ ፕሪንተር አለ፤ ጎረቤት ቢሮ ያልተከፈተ ቶነር አለው፣ ግን ለሌላ ሞዴል የሚሆን ነው። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ በተቆለፈው ክፍል ከሦስት ዓመት በፊት የተገዛ ሰርቨር (የቢሮው ኮምፒውተሮች መረጃ የሚጋሩበት ማሽን) ከነካርቶኑ ተቀምጧል፤ ሊያዋቅረው የነበረው ባለሙያ ተዛውሯል። ገንዘብ አልወጣም ማለት አይቻልም። ወጥቷል፣ በየቢሮው ተበጣጥሶ።

እንዲህ ያለውን ነገር ያየ ኃላፊ ወዲያው የሚደርስበት መደምደሚያ «ሁሉም ነገር ወደ ዞን ይጠቃለል፣ በአንድ ላይ ይገዛ፣ በአንድ ላይ ይተዳደር» የሚል ነው። ግማሹ ልክ ነው። የትኛው ግማሽ እንደሆነ ለመለየት ግን የሰሜን ሸዋን ገጠር ማየት ይበቃል። ከመንዝ እስከ ምንጃር በየቤቱ የሞተር ወፍጮ የሚያስተክል ሰው የለም፤ በየቤቱ ምጣድ የሌለውም የለም። የወፍጮው ሞተር፣ ድንጋዩ፣ ቤቱና ወፍጮ ጠባቂው ለአንድ ቤተሰብም ለሦስት መቶ ቤተሰብም ያው ናቸው፤ ስለዚህ የጋራ ይሆናሉ። ሊጥ ተሸክሞ ሁለት ሰዓት ሄዶ ጋግሮ መመለስ ግን ማንም አይሞክረውም። የመሥሪያ ቤት የአይቲ ወጪም በዚሁ ይከፈላል፤ አንዳንዱ ወፍጮ ነው፣ አንዳንዱ ምጣድ። ብክነቱ የሚመጣው ሁለቱን ስናምታታ ነው።

ወፍጮ የምንለው ወጪ የተጠቃሚው ቁጥር ቢጨምርም እምብዛም የማይጨምረው ነው። ጥሩ ምሳሌው የሰርቨር ፈቃድ ነው። የተለመደው ዊንዶውስ ሰርቨር (ስታንዳርድ የሚባለው) የሚሸጠው በፕሮሰሰሩ ኮር፣ ማለትም በውስጡ ባሉት የማስሊያ ክፍሎች ቁጥር ሲሆን ለአንድ ሰርቨር ቢያንስ የ16 ኮር ፈቃድ መግዛት ግድ ነው። ባለ 4 ኮር ትንሽ ማሽን ያቆመ፣ 8 ሠራተኛ ብቻ ያለው ጽሕፈት ቤት የ16 ኮሩን ይከፍላል። በዚያ ላይ በየተጠቃሚው የሚታሰብ ሌላ ፈቃድ አለ፤ እሱ ግን ቢያንስ ከሰው ቁጥር ጋር ይሄዳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ባለሙያም እንደዚሁ ነው፤ የሰው ሩብ አይቀጠርም። 12 ኮምፒውተር ያለው ቢሮ አንድ ባለሙያ ከቀጠረ ሰውየው ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን ደብዳቤ ሲጽፍ ይውላል፣ ሲሰለቸው ደብረ ብርሃን ወይ አዲስ አበባ ይሄዳል። ካልቀጠረ ደግሞ ዊንዶውስ ለማስጫን ማሽኑን ተሸክሞ ከተማ ወዳለ ሱቅ ይልካል፣ ከነሰነዱ።

ይህ ነገር አሁን ለምን አንገብጋቢ ሆነ? ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ጀምሮ ከአምራቹ ነፃ የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘቱን አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕና፣ ከኢንቴል ከሆነ 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ከ2010 በፊት የተገዛው ማሽን ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ መስፈርት ውጭ ነው። የተራዘመውን ማሻሻያ መግዛት ይቻላል፤ ለድርጅቶች የወጣው ዋጋ በአንድ ማሽን የመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር፣ ሁለተኛው 122፣ ሦስተኛው 244 ነው፤ የሦስት ዓመቱ ድምር 427 ዶላር። ለትምህርት ተቋማት ግን 1፣ 2 እና 4 ዶላር ብቻ ስለሆነ ትምህርት ቤት ያለው ሰው ሌላ ነገር ከማሰቡ በፊት ይህን ይጠይቅ። በክራክ (ፈቃዱን በሚሰብር ሕገወጥ ፕሮግራም) የተከፈተ ዊንዶውስ ይህን ማሻሻያ በሕጋዊ መንገድ አያገኝም። የክራክ ፕሮግራሙ ራሱም ስንት ጊዜ ቫይረስ ይዞ እንደሚገባ፣ ከዚያም በአንዲት ፍላሽ ቢሮውን ሁሉ እንደሚያዳርስ ጠጋኝ ሁሉ ያውቀዋል።

የ61 ዶላሩን ባሕርይ ልብ እንበል። 240 ማሽን ያለው 14,640 ዶላር ይከፍላል፣ 12 ማሽን ያለው 732። በማሽን ሲካፈል ልዩነት የለውም። መሰባሰብ እዚህ ላይ ምንም አያተርፍም። የሚያተርፈው አማራጩን ማዘጋጀት ላይ ነው፦ የትኛው ማሽን ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) እና ራም ተጨምሮለት ሊኑክስ (በነፃ የሚገኝ የዊንዶውስ አማራጭ) ይጫንበት፣ የትኛው ዊንዶውስ ላይ ይቆይ፣ የትኛው ይወገድ የሚለውን አንድ ጊዜ ፈትሾ ለሁሉም የሚሆን ዝግጁ ቅጂ መሥራት።

ይህን ሥራ ቀረብ ብለን እንየው። መጀመሪያ ቆጠራ ይደረጋል፦ የማሽኑ ሞዴል፣ የፕሮሰሰር ትውልድ፣ ራም፣ የዲስክ ዓይነትና ሠራተኛው በየቀኑ የሚከፍተው ፕሮግራም። የመጨረሻው አምድ ከሁሉም ይበልጣል። ፒችትሪ የሚሠራበት የሒሳብ ሠራተኛ ማሽን ወደ ሊኑክስ አይሄድም፤ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ውስጥ አይቤክስ (የመንግሥት በጀትና ሒሳብ ሲስተም) ያለበትም ሳይሞከር አይነካም። ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ ብቻ የሚጻፍበት ማሽን ግን ይሄዳል። ቀጥሎ አንድ ማሽን ተመርጦ ከባዶ ይጫናል፦ ሲስተሙ፣ ድራይቨሮቹ፣ የአማርኛ መጻፊያው፣ የፕሪንተሮቹ ሶፍትዌር። ዲስኩ ለሁለት ይከፈልና የሠራተኛው ሰነድ ከሲስተሙ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ወደፊት ሲስተሙ እንደገና ሲጫን ሰነዱ እንዳይጠፋ ነው። ዊንዶውስ ከሆነ ሲስፕሬፕ በሚባለው መሣሪያ የማሽኑ መታወቂያ ይጸዳል፣ ከዚያም ክሎንዚላ በሚባለው የዲስክ መቅጃ ፕሮግራም ሙሉ ቅጂው ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገባል።

የሚበላሸው የት ላይ ነው? ቅጂው ባለ 500 ጊጋባይት ዲስክ ላይ ከተዘጋጀ ባለ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ላይ አይጫንም፤ ክሎንዚላ እኩል ወይም የበለጠ ዲስክ ይፈልጋል። ስለዚህ የሚዘጋጀው ካሉት ሁሉ ትንሹ ዲስክ ላይ ነው። በአሮጌው የማስነሻ ዘዴ፣ በባዮስ፣ የተሠራ ቅጂ በአዲሱ፣ በዩኢኤፍአይ፣ በሚነሳ ማሽን ላይ አይነሳም፤ ሁለት ቅጂ ያስፈልጋል። ሲስፕሬፕ ከተረሳ ሃያ ማሽን በአንድ ስም ኔትወርክ ላይ ይወጣል፣ ማዕከላዊው ጸረ ቫይረስም ሃያውን እንደ አንድ ሊቆጥራቸው ይችላል። ከሁሉም የከፋው ግን ቴክኒካዊ አይደለም፤ ሠራተኛው የአምስት ዓመት ሰነዱን ያስቀመጠው ዴስክቶፑ ላይ ነው፣ ዴስክቶፑ ደግሞ ከሲስተሙ ጋር ይጠፋል። በቪዥዋል ግዕዝ (የቀድሞው የአማርኛ መጻፊያ) ዘመን የተጻፈ አሮጌ ፋይል ካለም ፎንቱ በሌለበት አዲስ ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። ያኔ «ፋይሌን አበላሻችሁብኝ» የሚል አቤቱታ ይከተላል። ወደ ዩኒኮድ፣ በየትኛውም ማሽን ወደሚነበበው የፊደል ሥርዓት፣ የመቀየሩም ሥራ ወፍጮ ነው፤ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ከተካነበት ለሁሉም ይሠራዋል።

አሁን ስሌቱ። የመጀመሪያውን ቅጂ አዘጋጅቶ መፈተሽ 24 የሥራ ሰዓት፣ እያንዳንዱ ማሽን ላይ መጫንና የሠራተኛውን ሰነድ መመለስ 1 ሰዓት ይወስዳል እንበል። 20 ወረዳ፣ በያንዳንዱ 12 ማሽን። እያንዳንዱ ወረዳ ለብቻው ከሠራ 36 ሰዓት፣ በጠቅላላው 720 ሰዓት። ቅጂው በአንድ ቦታ ተዘጋጅቶ ለሁሉም ከሆነ 24 ሲደመር 240፣ ማለትም 264 ሰዓት። ለአንድ ማሽን የሚደርሰው ከ3 ሰዓት ወደ 1.1 ወረደ። ስሌቱ እዚህ ላይ ካበቃ ጭብጨባ ይገባዋል።

ግን መንገድ አለ። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማበር መሐል ሜዳ፣ ወይም መራኛ፣ ወይም አረርቲ ደርሶ ለሚመለስ ባለሙያ አንድ የሥራ ቀን፣ 8 ሰዓት፣ በመንገድ ብቻ ይሄዳል ብንል ሃያውን ወረዳ አንድ ጊዜ መዞር 160 ሰዓት ነው። ድምሩ 424። ፕሪንተር አልሠራም፣ ፓስወርድ ተረሳ ተብሎ ሁለተኛ ዙር ካስፈለገ 584። ሦስተኛ ዙር 744፣ ማለትም ሁሉም ለየብቻ ቢሠሩ ከሚወስደው በላይ። በመጠን የተገኘውን ቁጠባ የበላው የዞኑ መልክዓ ምድር ነው፤ አበልና ነዳጅ ገና አልተቆጠሩም።

መውጫው ቅጂውን በአንድ እጅ አዘጋጅቶ መጫኑን ለየወረዳው ሰው መተው ነው። ሃያ ሰው ጠርቶ ለአንድ ቀን ማሰልጠን ከነመንገዱ 320 ሰዓት ይፈጃል፣ ድምሩ 584፤ ከሁለት ዙር ጉዞ ጋር ልክ እኩል። ታዲያ ምን ተገኘ? የመጀመሪያው ዓመት ላይ ምንም። ሁለተኛው ዓመት ላይ ግን ማሽን ሲበላሽ ፍላሽ ይዞ የሚነሳ ሰው እዚያው አለ። የሚሰለጥነው ሰው የአይቲ ዲግሪ ያለው መሆን የለበትም። መዝገብ ቤት የምትሠራ፣ እጇ ፈጣን የሆነች ሠራተኛ ትበቃለች፤ ደግሞም ቶሎ አትዛወርም።

ግዥ ላይ ስንመጣ ጉዳቱ ከሌላ አቅጣጫ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ያልተሠራበት ገንዘብ ሁሉ ሰኔ ውስጥ ይሯሯጣል፤ ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ እዚህ 2 ኮምፒውተር፣ እዚያ 3 ይገዛል። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ዋናው ኪሳራ ከዋጋው በላይ ልዩ ልዩ ሞዴል መከማቸቱ ነው። አምስት ዓይነት ፕሪንተር ያለው ቢሮ አምስት ዓይነት ቶነር ያከማቻል፣ ሁልጊዜም የሚያልቀው ያልተከማቸው ነው። በመጠባበቂያ ዕቃ ስሌት የታወቀ ነገር አለ፤ ፍላጎታቸው አንዱ ካንዱ ነፃ የሆኑ ቦታዎች መጠባበቂያቸውን ቢያዋህዱ የሚያስፈልጋቸው ክምችት የሚያድገው በቦታዎቹ ቁጥር ሳይሆን በቁጥሩ ስኩዌር ሩት ነው። ሃያ ቢሮ እያንዳንዱ 2 መለዋወጫ ፓወር ሰፕላይ ቢይዝ 40 ነው። በአንድ ስቶር ቢቀመጥ 9 ገደማ ይበቃል። ይህ የሚሆነው ግን ሃያዎቹም ተመሳሳይ ሞዴል ከያዙ ብቻ ነው። ሩቅ ላሉት አንድ አንድ ጨምሮ መላክ ደግሞ ያዋጣል፤ የፓወር ሰፕላዩ ዋጋ ከአንድ ቀን አበልና ትራንስፖርት ጋር ሲነጻጸር ብዙ ላይበልጥ ይችላል።

በአንድ ላይ መግዛት የራሱ አደጋ አለው። በፌዴራል ደረጃ ለጋራ መገልገያ ዕቃዎች የማዕቀፍ ስምምነት (ለብዙ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ጊዜ የሚፈረም የግዥ ውል) እየተፈጸመ ይገዛል፤ አሠራሩ ጥሩ ነው፣ ግን ስፔሲፊኬሽን (የዕቃው ዝርዝር መግለጫ) ላይ የተሠራች ስህተት በ200 ትባዛለች። «4 ጊጋባይት ራም፣ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ» የሚል መስመር ወረቀት ላይ ትልቅ ይመስላል፤ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ግን ማሽኑ ተከፍቶ እስኪያልቅ ቡና ይፈላል። 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲና 8 ጊጋባይት ራም ይሻላል፣ አንድ ባዶ የራም ቀዳዳ ይኑረው፣ ቲፒኤም 2.0 በስም ይጠቀስ። ዋስትናው የት እንደሚፈጸምም ይጻፍ፤ አዲስ አበባ ብቻ ከሆነ 130 ኪሎ ሜትሩን የሚሸከመው ገዢው ነው። 200 ከማዘዝ በፊት 5 ወስዶ ሁለት ሳምንት ማሠራት ከየትኛውም የዋጋ ቅናሽ የበለጠ ገንዘብ ያድናል። የጊዜው ነገርም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ትልቅ ጨረታ ስድስት ወር ሲንጠለጠል የተገኘችው የ10 በመቶ ቅናሽ እንዲህ ባለ ዝላይ ፊት ምንም አይደለችም።

ዞኑ ራሱ አንድ ወጥ ግዥን ያስቸግራል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሸዋሮቢት ከግማሹም በታች፣ ቆላ። ዩፒኤስ ውስጥ ያለው የእርሳስ አሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ደብረ ብርሃን አራት ዓመት የሚቆይ ባትሪ ቆላ ላይ 35 ዲግሪ በሚሞቅ ክፍል ሁለት ዓመት ገደማ ብቻ ይቆያል። ጄኔሬተር ደግሞ በተቃራኒው ደጋ ላይ ይደክማል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያ ከፍታ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፣ 10 ኪሎ ቮልት አምፔር የተባለው ከ8 በታች ይሰጣል። በአንድ ሰንጠረዥ ለሁሉም አንድ ዓይነት የገዛ ሰው ሁለቱንም ከተሞች ያስቀይማል። ለነገሩ ሰርቨር ማስቀመጫ የሚፈልግ ደብረ ብርሃንን ይምረጥ፤ ብርዱ በነፃ ነው፣ ኤሲው ብዙ አይለፋም።

ሰርቨሩስ? መረጃን በአንድ ቦታ ማከማቸት ከሁሉም የጠራው ወፍጮ ነው፤ ምትኬው፣ ጥበቃው፣ ፈቃዱ ሁሉ ይጋራል። ችግሩ ሰንሰለቱ ነው። መብራት ከሥራ ሰዓቱ 95 በመቶ፣ መስመሩ 97 በመቶ፣ ሰርቨሩ 99 በመቶ ቢሠሩ ሦስቱ አብረው የሚገኙት 91 በመቶ ያህል ነው። በወር 22 የሥራ ቀን ካለ ሁለት ቀን ማለት ይቻላል «ሲስተም የለም»። እያንዳንዱ ቁጥር ለብቻው ሲታይ የሚያኮራ ነው፣ ብዜቱ ግን ባለጉዳይ ይመልሳል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ደግሞ በሞባይል ዳታ ብቻ የሚሠራ ማናቸውም ነገር ቆሟል፤ በመቶኛ ማስላትም ትርጉም አልነበረውም። ስለዚህ ሲስተም ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ኔትወርክ ሲጠፋ እዚያው መዝግቦ፣ ሲመለስ ራሱ ይልካል ወይ?» የሚለው መሆን አለበት። መዝግቦ ማቆየቱ ምጣድ ነው። ይህ የሌለው ሲስተም በነፃ ቢሰጥም ውድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሄርብ ግሮሽ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሰው ጉልበት በዋጋው ካሬ ልክ ያድጋል ብሎ ነበር፤ እጥፍ የከፈለ አራት እጥፍ ያገኛል፣ ስለዚህ አንድ ትልቅ ይገዛ። ርካሹ ማይክሮፕሮሰሰር መጥቶ ሐሳቡን ገለበጠው። አሁን የክላውድ ኪራይ (በኢንተርኔት የሌላ ድርጅት ሰርቨር መከራየት) ትልቁን ዳግም አዋጭ አድርጎታል፤ ምክንያቱ ግን የማሽኑ ዋጋ ሳይሆን ጠባቂው፣ መብራቱና ምትኬው ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በቴሌክላውድ ስም የሚያከራየውን ዓይነት በብር የሚከፈል አገልግሎት ለትንሽ ቢሮ ከሰርቨር ግዥ ይሻላል፣ በየወሩ ከመደበኛ በጀት መከፈሉን ፋይናንስ ከተቀበለው።

ትልቅ መሆን ራሱ ከሆነ ነጥብ በኋላ ያስወጣል። ስድስት ሲስተም ያለው ድርጅት እርስ በርስ ለማገናኘት ቢበዛ 15 መስመር ይኖረዋል፤ ሃያ ሲስተም ያለው 190። ኮሚቴው፣ ፈቃዱ፣ ኦዲቱ አብሮ ያድጋል። የሰው መረጃ በአንድ ቦታ ሲከማች ደግሞ አንዲት የተሰረቀች ፓስወርድ የአንድ ወረዳ ሳይሆን የዞን ጉዳት ትሆናለች፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ የሕግ ተጠያቂነትም ነው።

መጋራቱ ከተወሰነ ውሉ እንደ እድር ደንብ ጥርት ያለ መሆን አለበት። እድር ድንኳኑ ቢቀደድ ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ይጽፋል። ክፍያው ወፍጮ ቤት በኪሎ እንደሚያስከፍለው በማሽን ቁጥር ይሁን፤ በእኩል ከተባለ ትንንሾቹ ጥለው ይወጣሉ፣ የቀሩት ድርሻም ይጨምራል። ዋናው ፓስወርድ ሁለት ሰው ዘንድ፣ በታሸገ ፖስታም ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። አንዱ አባል ሲወጣ መረጃውን በምን ዓይነት ፋይል፣ በስንት ቀን እንደሚረከብ ይጻፍ። ምትኬው በሦስት ወር አንዴ ተመልሶ ይጫንና ይፈተሽ፤ ያልተሞከረ ምትኬ የለም ከማለት አይሻልም።

ከነካርቶኑ ያለው ሰርቨርም ለዚህ ይሆናል። የዋስትና ጊዜው አልፎ ቢሆን እንኳ ለዋናው ሰርቨር የሌሊት ምትኬ መቀበያ ሊሆን ይችላል፣ ከዋናው ራቅ ብሎ ሌላ ከተማ ከተቀመጠ ደግሞ ይበልጥ። ከማብራት በፊት ግን ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምታክል ባትሪ መቀየር ነው። ሦስት ዓመት ከቆመች ሞታ ሊሆን ይችላል፤ ሰዓቱ ወደ ኋላ የቀረ ሰርቨር ደግሞ ትክክለኛውን ፓስወርድ እየጻፉለት እንኳ አላውቃችሁም ሊል ይችላል።